የሥዕል አላባ እና መርህ፦ የትኛው የቱ ነው?

ስለ ሥዕል ማንበብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚምታቱበት ሁለት ቃላት አሉ፤ አላባ እና መርህ። አላባ ማለት ሸራው ላይ ጣትህን አሳርፈህ «ይኸውና» የምትለው ነገር ነው፦ መስመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ የገጽ ሸካራነት፣ ባዶ ቦታ። መርህ ደግሞ እነዚህ የተደራጁበት መንገድ ነው፦ ሚዛን፣ ምት፣ ንጽጽር (ጎልቶ የሚታይ ልዩነት)፣ አጽንዖት፣ አንድነት። ዝርዝሩ በየመጽሐፉ ስለሚለያይ በቁጥሩ አትጨነቅ።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. በ1889 የሣለውን «በከዋክብት የደመቀ ሌሊት» እንይ። ሰማዩ ላይ የሚጠማዘዙት የብሩሽ ጭረቶች መስመር ናቸው፤ አላባ። ያው ጥምዝ እየተደጋገመ ዓይንን ይዞ ሲዞር ግን ምት ይሆናል፤ መርህ። በግራ በኩል ጠቆር ያለ ረጅም ጥድ ቆሟል። በቀኝ በኩል ከላይ ቢጫ ጨረቃ አለች። ከዛፉ በጣም ታንሳለች፤ ግን ደማቅ ስለሆነች ታመዛዝነዋለች። ሚዛን ማለት የግድ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን ማለት አይደለም።

በእኔ እይታ ይበልጥ የሚያወዛግበው ቀለምና የብርሃን መጠን (ቀለሙ ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለም ያለ መሆኑ) ነው። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲሆኑ በጣም የተራራቁ ይመስላሉ። በስልክ ፎቶ አንስተህ ወደ ጥቁርና ነጭ ብትቀይራቸው ግን ሁለቱም ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀለም ንጽጽር አለ፣ የብርሃን ንጽጽር የለም ማለት ነው። የሣልከው ነገር ፍዝዝ ካለብህ መጀመሪያ ይህን ፈትሽ።