የተማሪዎች የፊልም ፕሮዳክሽን ኩባንያ

የተማሪዎች የፊልም ፕሮዳክሽን ኩባንያ የሚባለው፣ ተማሪዎች ለቡድን ሥራ የሚያቋቁሙት፣ የራሱ ስም፣ የሥራ ክፍፍልና በጀት ያለው፣ ቢያንስ አንድ ፊልም ሠርቶ ለተመልካች የሚያደርስ አነስተኛ ድርጅት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሕግ የተመዘገበ አይደለም፤ ሴሚስተሩ ወይም የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ እሱም ይዘጋል። ከተራ የክፍል ፊልም የሚለየው አባላቱ ቀረጻውን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ማፈላለጉን፣ ውል መፈራረሙን፣ ፈቃድ ማውጣቱንና ፊልሙን ማሳየቱን ጭምር ራሳቸው የሚሸከሙ መሆናቸው ነው።

የአሠራሩን ሥር ከሁለት ቦታ መፈለግ ይቻላል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1919 የተጀመሩ ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ በአሜሪካ የተመሠረተው ጁኒየር አቺቭመንት ነው። በዚህ ፕሮግራም ወጣቶች አክሲዮን ሸጠው ትንሽ ድርጅት ያቋቁማሉ፣ አምርተው ይሸጣሉ፣ በመጨረሻም ሒሳባቸውን ዘግተው ድርጅቱን ያፈርሳሉ። ሌላው በሞስኮ የተከፈተው፣ ዛሬ ቪጊክ የሚባለው የፊልም ትምህርት ቤት ነው። በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

በሞስኮ ያስተምር የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ የገጠመው ትልቁ ችግር የጥሬ ፊልም፣ ማለትም ምስል የሚቀረጽበት ባዶ የፊልም ጥቅል እጥረት ነበር። ተማሪዎቹ ግን ሥራ አልፈቱም። ታሪኩን በሾት በሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ በሚቀርጸው ቁራጭ) ከፋፍለው፣ ካሜራ ፊት እንደቆሙ አድርገው እየተወኑ፣ «ያለ ፊልም የተሠሩ ፊልሞች» የሚባሉትን አዘጋጁ። ተዋናዩ ነገ ዕቃ ያቀብላል፣ ዕቃ ያቀበለው ከነገ ወዲያ ይተውናል። ቡድኑ በ1924 እውነተኛ ሙሉ ፊልም ለሕዝብ ሲያቀርብ ፊሴቮሎድ ፑዶቭኪንና ቦሪስ ባርኔት ተውነውበታል፤ ሁለቱም ቆይተው ስመ ጥር ዳይሬክተሮች ሆነዋል። በእጥረት ውስጥ የተወለደው ይህ የመተጋገዝ ልማድ ለኋለኞቹ የተማሪ ቡድኖች ሁሉ እንደ አባት ሊቆጠር ይገባዋል።

በ1923 ኮዳክ 16 ሚሊ ሜትር ፊልምን ለገበያ ማቅረቡ የቀረጻን ወጪ አቀለለ። የፊልም ትምህርት ቤቶችም በሮም በ1935፣ በፕራግ በ1946፣ በፖላንዷ ሎጅ በ1948፣ በሕንዷ ፑኔ በ1960 ተከፈቱ።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) የተማሩት ጥቁር ተማሪዎች ሥራ ነው። የእኛው ኃይሌ ገሪማ ከነዚህ አንዱ ነበሩ። አንዱ ዳይሬክተር ሲሆን ሌላው ካሜራ ይይዝለታል፣ ሦስተኛው ድምፅ ይቀዳለታል፤ በሚቀጥለው ፊልም ቦታ ይለዋወጣሉ። የኃይሌ ገሪማን የመመረቂያ ፊልም «ቡሽ ማማ»ን ከቀረጹት አንዱ አብሯቸው የሚማረው ቻርልስ በርኔት ነበር። በርኔት ለሌላው የቡድኑ አባል ለቢሊ ውድበሪ ደግሞ ስክሪፕት ጽፎለታል፣ ካሜራውንም ይዞለታል። የራሱን የመመረቂያ ፊልም የቀረጸው ቅዳሜና እሑድን እየጠበቀ ነው። ሃያሲው ክላይድ ቴይለር ቡድኑን «የኤል ኤ አመፅ» ብሎታል፤ ስያሜው ሁሉንም አያስማማም፣ ምክንያቱም አንድ የተጻፈ መግለጫ ወይም አንድ ዓይነት አቀራረብ አልነበራቸውም። ኩባንያ ብለው ባይመዘገቡም አሠራራቸው ግን ከብዙ ኩባንያ የተሻለ የተደራጀ እንደነበር ፊልሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከዚያ በኋላ ቪዲዮና ዲጂታል ካሜራ መጥተው የጥሬ ፊልም ወጪን አስቀሩ።

ዛሬ ባለው አሠራር ቡድኑ መጀመሪያ የሚከፋፈለው ሥራን ነው፦ ፕሮዲውሰር፣ ዳይሬክተር፣ ረዳት ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ኤዲተር። ዳይሬክተርነቱን ሁሉም ይመኘዋል፤ ፕሮዲውሰርነቱ ብዙ ጊዜ ለዘገየ ሰው ይተርፋል። ይህ ስህተት ነው። ቦታ የሚያስፈቅደው፣ መኪናና ምግብ የሚያዘጋጀው፣ ብር የሚቆጥረው እሱ ነውና፣ ጎበዝ ፕሮዲውሰር የሌለው ቡድን ቀረጻውን ሳይጨርስ ይበተናል። ድምፅም እንዲሁ ይናቃል፤ ተመልካች ግን የደበዘዘ ምስልን ከማይሰማ ንግግር ይልቅ ይታገሣል።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ረዳት ዳይሬክተሩ ገጽ በገጽ በየትዕይንቱ ይከፋፍለዋል። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል ተብሎ ይታሰባል፤ የትዕይንቱ ርዝመት ደግሞ ገጹ ለስምንት እኩል ተከፍሎ ስንት ስምንተኛ እንደሚይዝ ይለካል። ከዚያ ትዕይንቶቹ በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታና በተዋናይ ተሰባስበው የቀረጻ መርሐ ግብር ይወጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሆነው መጀመሪያውም መጨረሻውም በአንድ ቀን ይቀረጻል ማለት ነው። በቀረጻው ዋዜማ ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚገልጽ ኮል ሺት ለሁሉም ይላካል። የዕለቱ ቀረጻ እዚያው ሳይታደር ይገለበጣል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ።

ለሙዚቃ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከዜማና ግጥሙ ባለመብት፣ ሌላው ከተቀዳው ድምፅ ባለቤት። ብዙ ጥሩ የተማሪ ፊልም ፌስቲቫል ሳይደርስ የቀረው በዚህ ሰበብ ነው። የተዋንያንና የቦታ ባለቤቶች የፈቃድ ወረቀትም ከቀረጻ በፊት መፈረም አለበት፤ በኋላ ሰው ፈልጎ ማስፈረም ከባድ ነው።

የፊልሙ መብት የማን ነው የሚለው ያከራክራል። ተቋሙ መሣሪያ ስላበደረ መብቱን ለራሱ የሚያደርግበት ቦታ አለ፤ ለተማሪው የሚተውበትም አለ። ለተማሪው መተዉ የተሻለ ይመስላል፤ ሐሳቡም ላቡም የእሱ ነውና። በአባላቱ መካከልም ጥያቄው ይነሣል፤ ስለዚህ የክሬዲት (በፊልሙ ላይ የሚጻፈው የሠሪዎች ስም ዝርዝር) ቅደም ተከተልና የሽልማት ክፍፍል ሳይቀር በመጀመሪያው ስብሰባ ይጻፋል። ነጥብ አሰጣጡ ላይ ለሁሉም እኩል መስጠት የሠራውን ይጎዳል፤ መምህራን የእያንዳንዱን የሥራ ማስታወሻና የአባላቱን የእርስ በርስ ግምገማ አብረው ያያሉ።

ያለቀ ፊልም የሚሄድበት አያጣም። የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተማሪዎች ሽልማት አለው፤ የካን ፌስቲቫል ደግሞ በ1998 ለፊልም ትምህርት ቤት ሥራዎች የተለየ ክፍል ከፍቷል። የፌስቲቫል መልስ ወራት ስለሚፈጅ፣ ኩባንያው ሲዘጋ ኢሜይሉን የሚከታተል፣ ዋናውን ቅጂና ውሎቹን የሚያስቀምጥ አንድ አባል በስም ይመደባል።