ስታነስ ፍሎራይድ ምንድን ነው?

በድሬዳዋ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ ትልቅ ጸጋ ነው። አክስቴ ግን ውኃውን በግራ ጉንጯ በኩል ብቻ ታሳልፋለች፤ ቀኙን ከነካው ይነዝራታል። ድዷ ሸሽቶ የጥርሷ ሥር ተገልጧል። ከቀፊራ ገበያ የገዛችውን የጥርስ ሳሙና ገልብጬ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩላት፦ ስታነስ ፍሎራይድ፣ 0.454 በመቶ።

ይህ ነጭ ጨው ከአንድ የቲን አቶምና ከሁለት የፍሎሪን አቶሞች የተሠራ ነው። ቲን የተባለው ብረታ ብረት ከጣሪያችን ቆርቆሮ ጋር አይምታታ፤ የጣሪያው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው።

የዚህ ጨው ትልቁ ነገር ሁለቱም ወገኖቹ መሥራታቸው ነው። ፍሎራይዱ፣ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚያወጡት አሲድ ከጥርስ ላይ ያጠበውን ማዕድን ለመመለስ ይረዳል። ይህን ሶዲየም ፍሎራይድም ያደርገዋል። ቲኑ ግን ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ያዳክማል፤ የድድ መድማትንም ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የተገለጠ የጥርስ ሥር ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ቱቦዎች አሉት፤ ቅዝቃዜው ወደ ነርቭ የሚደርሰው በእነርሱ ነው። ቲኑ አፋቸው ላይ እየተከማቸ ይደፍናቸዋል። አክስቴን የሚጠቅማት ይኸኛው ነው፤ ውጤቱ ግን በአንድ ቀን አይመጣም።

ጠላቱ ውኃ ነው። በቀላሉ ይሟሟል፤ ከሟሟ በኋላ ግን ቲኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ኃይሉን ያጣል። ካልሲየምም ፍሎራይዱን ይይዝበታል። የድሬዳዋ ውኃ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አስቡ፤ ያ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የብዙ የድሮ የጥርስ ሳሙናዎችም ማሻ፣ ማለትም ጥርሱን የሚፈትገው ደቃቅ ዱቄት፣ እርሱው ነበር። ስለዚህ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያጠኑትን ይህን ጨው የያዘው ክሬስት የተባለ የጥርስ ሳሙና ለገበያ ሲቀርብ፣ ማሻው ፍሎራይድን ብዙ በማይዝ ሌላ ውህድ ተተካ። ዛሬም አምራቾች ቲኑን የሚያረጋጋ ነገር ይጨምሩበታል። አንዳንድ ሰው ጥርስ ላይ ቡናማ ቀለም ሊተው ይችላል፤ ሐኪም ሲያጸዳው ይለቃል።

አክስቴ ደነገጠች። «የወንጂን ልጆች ጥርስ ያበላሸው ፍሎራይድ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ልክ ነች፤ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ብዙ ፍሎራይድ ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ከውኃው ጋር እየተዋጠ ቡናማ ያደርገዋል። የጥርስ ሳሙና ግን ተቦርሾበት የሚተፋ ነው። የሁለት ዓመት የልጅ ልጇ ግን ገና በደንብ መትፋት ስለማትችል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ በብሩሹ ላይ እየቀባች ትሰጣታለች።