ጋብቻ፣ እምነትና መንግሥት በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ ስለ ተመሳሳይ ጾታ መብት የሚደረገው ሙግት ከሩቅ ሲታይ የኃጢአትና የጽድቅ ጉዳይ ይመስላል። እውነት ነው፣ እሱም አለበት። ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን ጥያቄው የሚሆነው የመንግሥት እጅ የት ድረስ ይግባ የሚለው ነው።

መሠረቱ ሁለት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ናቸው። በ1791 የጸደቀው የመጀመሪያው ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ ሰውም እምነቱን እንዳይፈጽም እንዳይከለክል ያስራል። የ1868ቱ 14ኛው ማሻሻያ ደግሞ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ ያዛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አማኙ የመጀመሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪው ሁለተኛውን። ሁለቱም እውነተኛ መብት ነው የያዙት። ነገሩን ከባድ ያደረገው ይኸው ነው።

መንግሥት ዳር ቆሞ ተመልካች ሆኖ አያውቅም። እስከ 1961 ድረስ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሁሉም ክፍለ ግዛቶች ወንጀል ነበር። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ትእዛዝ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከፌዴራል መሥሪያ ቤት እንዲባረሩ በር ከፈተ። ከተባረሩት አንዱ ፍራንክ ካሚኒ ነው፤ ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያለው የሥነ ፈለክ ምሁር። በ1957 ከጦር ሠራዊቱ የካርታ አገልግሎት ተሰናበተ። ሙያውን ዳግመኛ አላገኘውም። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ። በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ ፖሊስ ስቶንዎል የሚባለውን መጠጥ ቤት ሲወር የተነሣው አመጽም የዚሁ ዘመን ምሬት ውጤት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ግንኙነቱን የሚከለክለውን የወንጀል ሕግ አጸና፤ በ2003 ያንኑ ውሳኔውን ራሱ ሻረ። የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1996 ለፌዴራል መንግሥት ጋብቻ ማለት የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረሙ። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በ2004 ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ማጋባት ጀመረች። ሰኔ 26 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የጋብቻ መብቱን በመላ አገሪቱ አጸደቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውሳኔው የሚመለከተው ከካውንቲ (ከክፍለ ግዛት በታች ካለው አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት የሚወጣውን የጋብቻ ፈቃድ ነው፤ እኛ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንደምንፈርመው ማለት ነው። ተክሊሉን አይነካም። አንድም ቄስ፣ ኢማም ወይም ረቢ ከእምነቱ ውጪ እንዲያጋባ በሕግ አይገደድም። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። በ2015 ኬንታኪ ውስጥ አንዲት የካውንቲ ኃላፊ እምነቴ አይፈቅድም ብላ ፈቃድ መስጠት ስላቆመች የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣስ ለቀናት ታሰረች። በኋላ ክፍለ ግዛቱ የኃላፊዎቹ ስም ከቅጹ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ቀላል መፍትሔ ነበር። ያ ሁሉ ሳይሆን ቀድሞ ቢታሰብበት ምን ነበረበት?

ሃይማኖተኞቹም አንድ አቋም የላቸውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የደቡብ ባፕቲስቶች ጋብቻውን አይቀበሉም። የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን በ2003 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነቱን በይፋ የተናገረ ጳጳስ ሾመች። ሜቶዲስቶች በዚሁ ጉዳይ ተከፋፍለው በሺዎች የሚቆጠሩ አጥቢያዎች ከወጡ በኋላ በ2024 ክልከላቸውን አነሡ።

ከ2015 በኋላ ሙግቱ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ዞረ። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰውን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በመሆኑ ከሥራ ማባረር የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ይጥሳል አለ። ፍርዱን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቸው። በሌላ በኩል ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው የኮሎራዶ ጋጋሪ በ2018 ረታ፤ የረታው ግን የክፍለ ግዛቱ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ለእምነቱ ጥላቻ አሳይቷል ተብሎ ስለሆነ ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ለእኔ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠው የሕግ አውጪዎቹ መንገድ ነው። ዩታ በ2015 በሥራና በቤት ኪራይ መድልዎን የሚከለክል፣ ለሃይማኖት ተቋማትም ከለላ የሚሰጥ ሕግ ስታወጣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ደግፋዋለች። በ2022 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት የፌዴራል ሕግም እንዲሁ ነው፦ ጋብቻው እውቅና ያገኛል፣ የሃይማኖት ተቋማት ግን ሥርዓቱን ለመፈጸም አይገደዱም።

የቅርቡ ክርክር ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የእኛም ሰዎች አሉበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ የሚያወሱ የሕፃናት መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ሲነበቡ ልጆቻችን ይውጡልን የሚል ጥያቄ ተነሣ። የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር መጀመሪያ ይፈቅድ ነበር፣ በ2023 ከለከለ። ኦርቶዶክስ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር አደባባይ ወጡ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለከሳሾቹ ወላጆች ፈረደ። መጻሕፍቱ አልታገዱም። ክሱ እስኪያልቅ ግን አስተዳደሩ አስቀድሞ ለከሳሾቹ እያሳወቀ ልጆቻቸውን ማስወጣት እንዲችሉ እንዲፈቅድ ታዘዘ።