ፋየርዎሉን ማጥፋት መላ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኮምፒውተር ብልሽት መፈለግ ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ፕሮግራም በኔትወርክ አልገናኝ ባለ ቁጥር አጠገቤ ከቆመ ሰው የምሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ፋየርዎሉን አጥፋውና ሞክር»። ፋየርዎል በተሰጡት ደንቦች መሠረት የኔትወርክ ግንኙነትን የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ጥበቃ ነው። ምክሩ በቅንነት እንደሚሰጥ አልጠራጠርም። ሆኖም ችግሩ የት እንዳለ ሳያሳይ ኮምፒውተሩን ያለ ጥበቃ ስለሚያስቀረው፣ አብረውት ከሚመጡት ሌሎች ስሕተቶች ጋር ላስረዳው እፈልጋለሁ።

በትንንሾቹ ልጀምር። «የማስተካከያውን መስኮት ከዘጋሁት ፋየርዎሉም ሥራውን ያቆማል» የሚሉ አሉ፤ አያቆምም። በሊኑክስ ላይ መስኮቱ ትእዛዛችንን ዩኤፍደብሊው (UFW) ለተባለው የፋየርዎል ማስተካከያ ፕሮግራም ያቀብላል፣ ዩኤፍደብሊውም ደንቦቹን ለከርነሉ (ለሲስተሙ እምብርት) ያስረክባል፤ ፓኬቶቹን (በኔትወርክ የሚተላለፉትን የመረጃ ቁራጮች) የሚያጣራው ግን ከርነሉ ውስጥ ያለው ኔትፊልተር ነው። «ኡቡንቱ ፋየርዎል ይዞ ስለሚመጣ ተጠብቄያለሁ» የሚለውም ልክ አይደለም። ዩኤፍደብሊው እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው፣ የሊኑክስ ዓይነት ከሆነው ከኡቡንቱ 8.04 እትም ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፤ ተጠቃሚው ራሱ እስኪያበራው ድረስ ግን ጠፍቶ ይቆያል። ዩኤፍደብሊውንና ፋየርዎልዲ የተባለውን ሌላ የፋየርዎል ማስተካከያ አንድ ላይ መጫን ደግሞ ጥበቃን እጥፍ አያደርግም፤ ሁለቱም በየፊናቸው ለአንድ ከርነል ደንብ ይጽፋሉ፣ አንዱ የጻፈውንም ሌላው በመስኮቱ አያሳይም።

«ፒንግ መልስ ከሰጠ ፖርቱ ክፍት ነው» የሚለው ብዙ ሰዓት ያባክናል። ፒንግ አንድ ኮምፒውተር በኔትወርኩ ላይ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ብቻ ይጠይቃል፤ ፖርት የሚባል ነገር፣ ማለትም ፕሮግራሞች ግንኙነት የሚቀበሉበትን የበር ቁጥር፣ አያውቅም። ዩኤፍደብሊው ሌላውን ገቢ ግንኙነት ሁሉ ሲከለክል እንኳ ፒንግን በነባሪ ደንቡ ያሳልፋል፤ ዊንዶውስ በበኩሉ ፒንግን ከልክሎ የተፈቀደውን ፖርት ሊያስገባ ይችላል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ስሕተት «በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬው ሠርቷል» ማለት ነው። ከራስ ወደ ራስ የሚደረግ ግንኙነት በሉፕባክ (ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር በሚነጋገርበት ውስጣዊ መስመር) በኩል ያልፋል፤ ዩኤፍደብሊው ደግሞ ሉፕባክን ያለ ገደብ ይፈቅዳል። በሊኑክስ ላይ የራስን የኔትወርክ አይፒ አድራሻ ጽፎ መሞከርም ያው ነው፣ ከርነሉ በዚያው በሉፕባክ ይመልሰዋል። ፈተናው ከሌላ ኮምፒውተር ካልሆነ ስለ ፋየርዎሉ ምንም አይነግርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ፋየርዎሉን አጥፋው» የሚለው ምክር የቆመው «ግንኙነት ከተቋረጠ የከለከለው ፋየርዎሉ ነው» በሚል እምነት ላይ ነው። እኔ ከማያቸው ችግሮች ብዙዎቹ ከፋየርዎሉ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። አንድ ጊዜ በአንድ ቢሮ ውስጥ ከሌሎች ኮምፒውተሮች በብራውዘር እንዲከፈት የታሰበ ፕሮግራም አልከፈት አለ ተብዬ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ፋየርዎሉን አጥፍቶ፣ ፕሮግራሙ አሁንም እምቢ ሲለው ራውተሩን ቀይሮ፣ በመጨረሻም ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭኖ ነበር። እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው (ግንኙነት የሚጠብቀው) በየትኛው አድራሻ ነው? ይህን የሚያሳየውን ኔትስታት የተባለ ትእዛዝ ስናስኬድ መልሱ 127.0.0.1:8080 ሆኖ ተገኘ። ይህ አድራሻ ፕሮግራሙ ከዚያው ኮምፒውተር የሚመጣውን ጥያቄ ብቻ እንደሚቀበል ያሳያል፤ ፋየርዎል ኖረም አልኖረም ከውጭ የሚመጣ ሰው አይገባም። በፕሮግራሙ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አድራሻውን ወደ 0.0.0.0 (በኮምፒውተሩ አድራሻዎች ሁሉ አዳምጥ ማለት ነው) ቀይረን፣ ፋየርዎሉን መልሰን አብርተን፣ ፖርት 8080ን ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ስንፈቅድ ችግሩ አለቀ። ያ ኮምፒውተር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ፋየርዎሉ ጠፍቶ ነበር የቆየው፤ «ለሙከራ» ብሎ ያጠፋው ሰው መልሶ ማብራቱን አላስታወሰም።

የስሕተት መልእክቱን ማንበብም መጀመሪያ መሠራት ያለበት ነገር ነው። ግንኙነቱ ወዲያው «ሪፊውዝድ» (እምቢ ተባለ) ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ኮምፒውተሩ ጋ ደርሷል፣ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም ማለት ነው። ረጅም ጊዜ ጠብቆ «ታይምድ አውት» (ጊዜው አለፈ) ካለ ግን አንድ ቦታ ላይ ፓኬቱን በዝምታ የጣለው አለ፤ ፋየርዎሉን መጠርጠር ያለብን ያን ጊዜ ነው። የዩኤፍደብሊው «ዲናይ» በዝምታ ይጥላል፣ «ሪጀክት» ደግሞ ለላኪው መልስ ይሰጣል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ስለ ፋየርዎል ምክር ባይሰጥ ይሻላል።

ጥፋቱ በእርግጥ የፋየርዎሉ ሲሆንስ? ያን ጊዜም ቢሆን የሚፈለገው ጥፋተኛው ደንብ ነው። በዊንዶውስ ላይ ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። አዲስ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጥ ሲጀምር ዊንዶውስ «ልፍቀድለት?» የሚል መስኮት ያወጣል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ መስኮቱን ሳያነብ «ካንስል» ሲለው፣ ሲስተሙ ለዚያ ፕሮግራም የእገዳ ደንቦች ይጽፋል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለቲሲፒ ሌላው ለዩዲፒ፣ ለሁለቱ የኔትወርክ መላላኪያ ዘዴዎች። ከሳምንት በኋላ ያው ሰው ፖርቱን የሚፈቅድ ደንብ ይጨምርና አልሠራ ሲለው ይገረማል፤ አንዳንዱም አንዱን ፖርት ሦስት አራት ጊዜ ይፈቅዳል። በዊንዶውስ ፋየርዎል እገዳ ከተራ ፈቃድ ይቀድማል፤ ስለዚህ የፈቃድ ደንብ ቢደራረብም ያ አሮጌ እገዳ እስካልተሰረዘ ድረስ ዋጋ የለውም። በገቢ ደንቦች ዝርዝር ውስጥ የፕሮግራሙን ስም ፈልጎ፣ ቀይ ምልክት ያለባቸውን ሁለቱን መሰረዝ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«ደንብ በየትኛውም ፋየርዎል አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ማሰብም እዚህ ላይ ይጎዳል። በዩኤፍደብሊው ወሳኙ ቅደም ተከተል ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይፈርዳል። አንድን አድራሻ ለመከልከል ከሁሉም ግርጌ የጨመርነው ደንብ፣ ከበላዩ ያንን ፖርት ለሁሉም የሚፈቅድ ደንብ ካለ ፈጽሞ አይደረስበትም። በተጨማሪም አዲስ እገዳ አስቀድሞ የተከፈተን ግንኙነት አይቆርጥም፤ ስለዚህ ሙከራው በአዲስ ግንኙነት ይሁን።

ትናንት ይሠራ የነበረ ግንኙነት በዊንዶውስ ላይ ዛሬ ካልሠራ የኔትወርክ ፕሮፋይሉን (ዊንዶውስ ለኔትወርኩ የሰጠውን ምድብ) እዩ። ደንቡ ለ«ፕራይቬት» ብቻ ተጽፎ ኮምፒውተሩ አዲሱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ደንቡ በቦታው እያለ አይሠራም። በሊኑክስ ላይ ደግሞ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ በተከለሉ ክፍሎች የሚያስኬድ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዶከር ለውጭ የሚከፍታቸው ፖርቶች ለገቢ ግንኙነት ከጻፋችሁት የዩኤፍደብሊው ደንብ በፊት አቅጣጫቸው ስለሚቀየር፣ በመስኮቱ ላይ «ተከልክሏል» የሚለው ፖርት ከውጭ ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለማወቅ ያህል ማጥፋት የግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ያን ጊዜ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ፣ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ፣ ለአንድ ሙከራ አጥፉት፤ ውጤቱን እንዳያችሁም ወዲያው አብሩት። በዊንዶውስ ላይ ፋየርዎሉን ለዚያ ፕሮፋይል አጥፉት እንጂ የፋየርዎሉን ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም) አታስቁሙ፤ ሰርቪሱ ሲቆም ስታርት ሜኑ እስከማይከፈት ድረስ ሌሎች ነገሮች ሊበላሹ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሎጉን (የፋየርዎሉን መዝገብ) መክፈት ነው። በዊንዶውስ የተጣሉ ፓኬቶች መዝገብ በነባሪነት ጠፍቶ ስለሚመጣ መጀመሪያ አብሩት፤ በዩኤፍደብሊው የታገደ ፓኬት ከየት አድራሻ ወደ የትኛው ፖርት እንደመጣ በአንድ መስመር ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ችግሩ ሲፈታ በሙከራ ጊዜ የጨመራችኋቸውን ደንቦች አንድ በአንድ ሰርዙ። በዩኤፍደብሊው በቁጥር የምትሰርዙ ከሆነ አንዱ በተሰረዘ ቁጥር የቀሩት ቁጥሮች ስለሚለወጡ፣ ከታች ወደ ላይ ሰርዙ ወይም በየመሐሉ ዝርዝሩን እንደገና አውጡ።