የአፈር ሞዴል ሙከራ ምንድን ነው? «በ100 ማባዛት» አይደለም!

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ አየሁ። ባልዲ ሙሉ አሸዋ ውስጥ ቱቦ ተተክሏል። ትንሽ ሞተር ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ተራኪው በኩራት ያብራራል፦ «ይህ ባሕር ላይ የሚቆም የነፋስ ተርባይን መሠረት ነው። መጠኑ በ100 ተቀንሷል። ስለዚህ እዚህ የለካነውን በ100 ማባዛት ብቻ ነው!»

ወንድሜ፣ ምኑን ነው በ100 የምታባዛው?

ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ባለሙያ የሚባል ሰው ሲለውም ሰምቻለሁ። ሞኖፓይል ምን እንደሆነ እዚህ አላብራራም፤ ባሕሩ ወለል ውስጥ የሚቀበር ግዙፍ የብረት ቱቦ ነው፣ በቃ። ጣጣው ያለው ቱቦው ላይ አይደለም። ብረት ሲያንስም ብረት ነው። ጠባዩን የሚቀይረው አፈሩ ነው።

ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁልል አስቡ። ከግርጌ አንዷን ለመምዘዝ ሞክሩ። ንቅንቅ አትልም። አሁን ቁልሉን በ100 አሳንሱት። አንድ ሴንቲሜትር ይቀራል። የታችኛዋ ወረቀት በሁለት ጣት ሹልክ ትላለች። ወረቀቷ ያቺው ናት። የጎደላት ከላይ የሚጫናት ክብደት ነው።

አሸዋም እንደዚያው። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከላይ ከሚጫነው ነው። ከባሕሩ ወለል 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ አሸዋ፣ ውሃው የሚሸከምለት ተቀንሶ፣ 300 ኪሎፓስካል ገደማ ይጫነዋል። ባልዲው ውስጥ ያ ቦታ 30 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ጫናውም 3 ኪሎፓስካል። 40 ሴንቲሜትር የማይሞላ የወረቀት ቁልል ማለት ነው።

«እሺ፣ ጫናው በ100 ካነሰ መልሰን በ100 እናባዛዋ» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጫናው በ100 ሲያንስ የአሸዋው የሰበቃ አቅም አብሮት በ100 ይወርዳል። ግትርነቱ (ሲገፋ አልነቃነቅ ማለቱ) ግን የሚወርደው በ10 ገደማ ነው፤ በግምት የጫናውን ስኩዌር ሩት ስለሚከተል። (ይህ ለአሸዋ፣ ያውም እጅግ ትንሽ ሲነቃነቅ ነው። ሸክላ አፈር የራሱ ጉድ አለው።) አንዱ በ100፣ ሌላው በ10 ሲቀንስ ሁለቱንም የሚመልስ አንድ ቁጥር ከየት ይመጣል? ስንት ሲገፋ ስንት እንደሚነቃነቅ የሚያሳየው ግራፍ ቅርጹ ራሱ ይጣመማል።

ይባስ ብሎ፣ ጥቅጥቅ ያለ አሸዋ ሲገፋ ያብጣል። ቅንጣቶቹ አንዱ ሌላው ላይ እየወጡ ነው የሚያልፉት። ጫናው ቀላል ከሆነ መውጣቱ ይሳካላቸዋል፣ ያ ማበጥም ተጨማሪ ጥንካሬ ይሰጣል። ጫናው ሲከብድ ይታፈናል። ስለዚህ የባልዲው አሸዋ ለደረሰበት ጫና ሲታይ ከባሕሩ አሸዋ የበለጠ ጎበዝ ይመስላል። እዚህ ላይ ወረቀቴ ከዳኝ፤ ወረቀት ወረቀት ላይ አይወጣም።

ቁልሉ ላይ ድንጋይ ብናስቀምጥስ? አይሆንም። ድንጋይ ሁሉንም ወረቀት እኩል ይጫናል። በትልቁ ቁልል ግን ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጫናው ይጨምራል። የምንፈልገው እያንዳንዷ ወረቀት 100 እጥፍ እንድትከብድ ነው። ለዚህ ሳጥኑን ከነአሸዋው ትልቅ ክንድ ጫፍ ላይ አስረን እናሽከረክራለን። ሴንትሪፉጅ የምንለው ይህን ነው። ሐሳቡን ፈረንሳዊው ኤዱዋር ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1869 አቅርቦት ነበር። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በተግባር የተሞከረው ግን በ1930ዎቹ ነው።

ሲሽከረከር 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ጫና 300 ኪሎፓስካል ይሆናል። አሸዋው ባሕር ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የሞዴል ሙከራ ቁም ነገሩ ይኸው ነው፦ ቅርጹ ሲያንስ ጫናው አብሮ እንዳያንስ ማድረግ።

እንዲህም ሆኖ «በ100» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ርዝመት በ100 ያንሳል። ኃይል በ10,000። ተርባይኑን የሚያጋድለው ሞመንት በ1,000,000። ጫና ባለበት ይቆያል። ጊዜ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ማዕበል ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ በ100 ያጥራል። ውሃ ከአፈሩ ተጨምቆ የሚወጣበት ግን በ10,000፤ ዓመት የሚፈጀው በ53 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሁለቱ ሰዓቶች አይገጥሙም። ለማስታረቅ በውሃ ፈንታ 100 እጥፍ ዝልግልግ የሆነ ፈሳሽ እንሞላለን። ይህን ሳያደርግ ስለ ማዕበል ለሚያወራኝ ሰው ጆሮ የለኝም።

«ቅንጣቱንስ ለምን አታሳንሱም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። 0.2 ሚሊሜትር በ100 ሲካፈል 0.002 ሚሊሜትር ይሆናል። ያ የሸክላ ቅንጣት ወሰን ነው፤ አሸዋነቱ ቀረ። ስለዚህ እንዳለ እንተወዋለን። የወረቀቷን ውፍረት አልነካንም እንደማለት ነው። ቱቦው 8 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ከዳር እስከ ዳር 400 ቅንጣት ይደረደራል፤ ችግር የለም። ግድግዳው ግን 0.8 ሚሊሜትር ከሆነ አራት ቅንጣት ብቻ ነው። የቱቦው ጫፍ ላይ ስለሚሆነው ብዙ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ቱቦው የተተከለው ሳጥኑ ቆሞ ሳለ ነው ወይስ እየተሽከረከረ? እሱም ውጤቱን ይቀይራል፤ ብዙ ሪፖርት ላይ ግን በአንድ መስመር ይታለፋል።

ይህን ስል ደግሞ «በቃ የባልዲው ሙከራ ቆሻሻ ነው» የሚል ይነሳል። እሱም ተሳስቷል። ባልዲው ውስጥ ሆን ተብሎ ላላ ያለ አሸዋ ከተሞላ፣ የማበጡ ነገር ከባሕሩ ጋር ይቀራረባል። ተርባይን በዕድሜው በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይገፋል። ከመውደቁ ይልቅ የሚያሳስበን ቀስ በቀስ ማዘንበሉ ነው፤ በዲዛይን ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው 0.25 ዲግሪ ነው። ቀን ከሌት ያለማቋረጥ ለመግፋት ባልዲ ርካሽ ነው፣ ታጋሽም ነው። ውጤቱ ግን በኪሎኒውተን (በኃይል መጠን) አይነበብም። ከመጀመሪያው ግፊት ጋር ሲነጻጸር ማዘንበሉ ስንት እጥፍ አደገ ተብሎ ነው የሚነበበው።

«እኔ ሞዴል አላምንም፣ የእውነቱን አሳዩኝ» ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። ለረጅም ዓመታት የዲዛይን መመሪያዎች የተመረኮዙት ቴክሳስ፣ ሙስታንግ ደሴት ላይ በተሞከሩ 0.61 ሜትር ስፋት ባላቸው ቀጫጭን ፓይሎች ላይ ነው። የዛሬው ሞኖፓይል ከ8 ሜትር ያልፋል፣ ወፍራምና አጭር ነው። ፒሳ የተባለው ፕሮጀክት ይህንን ለማስተካከል እንግሊዝ ካውደንና ፈረንሳይ ደንከርክ ላይ ፓይሎች ተክሎ ገፋ። ትልቁ 2 ሜትር ስፋት ነበረው። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ የተሻገሩት በኮምፒውተር ስሌት ነው። ሜዳ ላይ የተሠራው «የእውነቱ» ሙከራም ሞዴል ነበር ማለት ነው፤ ያውም ያልተሽከረከረ።