በዘይት የሚጠበስ ስሞር በቤት ውስጥ

ስሞር በሰሜን አሜሪካ በካምፕ እሳት ዙሪያ የሚበላ ጣፋጭ ነው። በእንጨት ጫፍ ተሰክቶ በፍም ላይ የተለበለበ ማርሽማሎው (አየር የሞላበት ለስላሳ የስኳር ጣፋጭ) ከቸኮሌት ቁራጭ ጋር በሁለት የግራሃም ብስኩቶች መካከል ይደረግና ጫን ተብሎ ትኩሱን ይበላል። በዘይት የሚጠበሰው ስሞር ይህንኑ ድርብርብ በሊጥ ወይም በብስኩት ፍርፋሪ ሸፍኖ በጋለ ዘይት ውስጥ በማጥለቅ የሚሠራ ሲሆን፣ በአሜሪካ የትርኢት ሜዳዎች ከሚሸጡት ጥብስ ጣፋጮች ጋር የሚመደብ፣ ነገር ግን ቴርሞሜትርና ፍሪዘር ባለበት በማንኛውም ማዕድ ቤት ሊሠራ የሚችል ነው። አሠራሩ ሲታይ የዘይት ጉዳይ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ውጤቱን ከዘይቱ ይበልጥ የሚወስነው ከመጠበሱ በፊት የሚደረገው ማቀዝቀዝ ነው።

ስሙ «ሰም ሞር» ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የመጣ ሲሆን «ትንሽ ይጨመርልኝ» እንደ ማለት ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴት ስካውቶች ባሳተሙት የጉዞና የካምፕ መመሪያ ውስጥ በዚህ ስም የሰፈረው አሠራር ስለ ስሞር ታሪክ ሲነሣ በብዛት የሚጠቀስ የጽሑፍ ምስክር ነው። መመሪያው ለ8 ሰው 16 ብስኩት፣ 16 ማርሽማሎውና ለሁለት የተከፈሉ 8 ቸኮሌቶችን ያዝዛል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ማርሽማሎውና አንድ ሙሉ ቸኮሌት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲጓዝ ለዋለ ሰው ይህ ልክ ሊሆን ይችላል። ለመጥበስ ግን መጠኑ ከግማሽ በታች መውረድ አለበት፤ ድርብርቡ በወፈረ ቁጥር ቅርፊቱ ጠቁሮ መሀሉ ሳይሞቅ ይቀራልና።

ሦስቱ ንጥረ ነገሮች በሙቀት ውስጥ የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው አንድ በአንድ ማወቁ ይጠቅማል። የግራሃም ብስኩት ስሙን ያገኘው ከሲልቬስተር ግራሃም (1794–1851) ሲሆን፣ እርሱም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄትና ሥጋ የሌለበት አመጋገብን በአሜሪካ የሰበከ ቄስ ነበር። የዛሬው ብስኩት ግን ስኳርና ብዙ ጊዜም ማር የተጨመረበት ነው፤ በዘይት ውስጥ ከተራ ዱቄት ፈጥኖ የሚጠቁረውም በዚህ ስኳር ምክንያት ነው። ማርሽማሎው በጥንቱ አሠራር ረግረጋማ ቦታ ላይ ከሚበቅል ማርሽማሎው ከተባለ ተክል ሥር ከሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይዘጋጅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳውያን ጣፋጭ ሠሪዎች ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር እየመቱ አሁን ወደምናውቀው ቅርጽ አቀረቡት፤ ቀጥሎም የተክሉ ፈሳሽ ከእንስሳት በሚወጣ ጄላቲን በተባለ ፕሮቲን ተተካ። በመሆኑም ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው ማርሽማሎው ስኳር፣ የስኳር ሽሮፕና ጄላቲን ሲሆን ከይዘቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አየር ነው። ጄላቲኑ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ የወተት ቸኮሌትም ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይለሰልሳል። ዘይቱ በሌላ በኩል 180 ዲግሪ ያህል ነው። በዚህ ጣፋጭ አሠራር ውስጥ ያለው ችግር ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ካለው ርቀት የሚመነጭ ነው።

ጣፋጭን በሊጥ ሸፍኖ የመጥበስ ልማድ በዘይት ከሚጠበሰው ስሞር በፊት የነበረ ነው። በስኮትላንድ በምትገኘው ስቶንሄቨን ከተማ በአንድ የዓሣ ጥብስ ቤት በሊጥ ተሸፍኖ የተጠበሰው የማርስ ቸኮሌት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋዜጦች ተወርቶ ስሙ ገንኗል። በአሜሪካም በየግዛቱ በሚደረጉ ዓመታዊ ትርኢቶች የተጠበሱ የክሬም ብስኩቶችና ሌሎች ጣፋጮች የተለመዱ ሆነዋል። በዳላስ የሚካሄደው የቴክሳስ ግዛት ትርኢት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሻጮቹ አዳዲስ ምግቦች የውድድር መድረክ አለው። ስሞርን መጥበስ ከዚህ ወግ የተወሰደ ነው።

በፍም ላይ የተለበለበ ማርሽማሎው ያለው ልዩ ጣዕም የሚመጣው ከውጭው ቡናማ ሽፋን ነው፤ በዚያ ሽፋን ላይ ስኳሩ ይቃጠላል፣ ከጄላቲኑ ፕሮቲን ጋርም ተዋሕዶ ይጠቁራል። በሊጥ ተሸፍኖ የሚጠበሰው ማርሽማሎው ግን እሳቱን ፈጽሞ አያገኘውም፤ በውስጥ በእንፋሎት ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ነጭ እንደሆነም ይቀራል። ስለዚህ ዝም ብሎ ከከረጢቱ አውጥቶ የጠበሰ ሰው የሚያገኘው ጣፋጭ ሊጥ ነው እንጂ ስሞር አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማርሽማሎውን አስቀድሞ በምድጃው የላይ እሳት ሥር፣ በጋዝ ነበልባል ላይ ወይም በእጅ በሚያዝ የጋዝ ማቃጠያ መለብለብና ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዝ ነው። ይህ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ግን የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ብስኩቱ የት ይሁን የሚለው ነው። የተለመደው አሠራር ሙሉውን ድርብርብ ከሁለቱ ብስኩቶች ጋር በሊጥ መሸፈን ነው። በዚህ ጊዜ ብስኩቱ ከላይ የሊጡን እርጥበት፣ ከታች የማርሽማሎውን ሙቀት ስለሚወስድ ይለሰልስና ኬክ መሰል ይሆናል። የሚወዱት አሉ። ስሞር ሲነከስ የሚሰማውን መንኮሻኮሽ የሚፈልግ ሰው ግን ብስኩቱን ከውስጥ አውጥቶ፣ አድቅቆ፣ በውጭ በኩል ቅርፊት ቢያደርገው ይሻለዋል። የዚህ ጽሑፍ ምርጫም ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ሦስቱም ጣዕሞች ተለይተው የሚታወቁት በዚህኛው ነውና።

በሊጥ ለሚሸፈነው ለ8 ፍሬ የሚበቃ ሊጥ ለመሥራት 150 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይደባለቃሉ፤ ከዚያም 1 እንቁላልና 180 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ወተት ተጨምሮ እብጠቱ እስኪጠፋ ብቻ ይማሰላል። ብዙ ከታሸ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ይጠነክርና ቅርፊቱ ጎማ ይሆናል። ውፍረቱ በማንኪያ ሲነሣ ቀስ ብሎ የሚወርድና የማንኪያውን ጀርባ ሸፍኖ የሚቀር መሆን አለበት፤ ከቀጠነ በጎን በኩል ክፍተት ይተዋል፣ በዚያችው ክፍተትም ማርሽማሎው ይወጣል። ስታርቹ ቅርፊቱ እንዲንኮሻኮሽ ይረዳል። ሊጡ ድርብርቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል።

በፍርፋሪ ለሚሸፈነው ደግሞ የተለበለበው ማርሽማሎው ሲቀዘቅዝ በዱቄት ስኳር በተነከረ መቀስ ከጎኑ ይሰነጠቅና የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቸኮሌት ይሸጎጥበታል፤ ስንጥቁም ተጭኖ ይዘጋል። ቢያንስ ለሁለት ሰዓት በፍሪዘር ይቆያል። ከዚያ መጀመሪያ በዱቄት፣ ቀጥሎ በተመታ እንቁላል፣ ቀጥሎ በደቀቀ የግራሃም ብስኩት ይንከባለላል፤ የእንቁላሉና የፍርፋሪው ዙር አንዴ ይደገማል፤ በመጨረሻም ለግማሽ ሰዓት ወደ ፍሪዘር ይመለሳል። ሁለተኛውን ዙር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ዙር ብቻ የለበሰ ማርሽማሎው በዘይት ውስጥ ሲያብጥ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል።

ማቀዝቀዙ ለምን እንዲህ አስፈላጊ እንደሆነ በዚህ ላይ ይታያል። ማርሽማሎው ውኃው ጥቂት ስኳሩ ብዙ ስለሆነ በፍሪዘር ውስጥ እንደ በረዶ አይጠጥርም፤ ጠንከር ብሎ ይገትራል እንጂ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ካለው ቅዝቃዜ ተነሥቶ እስኪቀልጥ ድረስ ግን ተጨማሪ አንድ ደቂቃ ያህል ይገኛል፤ ቅርፊቱም ጠንክሮ ግድግዳ የሚሆነው በዚያች ደቂቃ ነው። በክፍል ሙቀት የገባ ማርሽማሎው ቅርፊቱ ሳይደርቅ ይቀልጣል፣ በውስጡ ያለው አየርም ሞቆ ይስፋፋል፣ ቀዳዳ ፈልጎም ይወጣል። የወጣው ስኳር በዘይቱ ላይ አረፋ ሠርቶ ይጠቁራል፤ ቀጥሎ የሚጠበሰውን ሁሉ መራራ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ስኳሩን ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ወዲያው መልቀም ይገባል። ከፍሪዘር የወጣው ድርብርብ አየር ሲነካው ላቡ ስለሚወጣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አውጥቶ መደርደር ስሕተት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት እያወጡ፣ ላዩን በደረቅ ዱቄት አዳርሶ፣ ወዲያው ሊጥ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ዱቄቱ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሊጡም ይዞ እንዲቆም ያደርጋል።

ለዘይቱ እንደ ካኖላ፣ ሱፍና ለውዝ ያለ የጎላ ጣዕም የሌለውና ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ይመረጣል፤ የለውዝ ዘይት ሲሆን ለውዝ የማይስማማው ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። ቅቤ ከዚህ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚያር አይሆንም። ወፍራምና ጥልቅ ድስት ተወስዶ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዘይት ይጨመርበታል፤ ዘይቱም ከድስቱ ግማሽ ማለፍ የለበትም፣ ሲጠበስ አረፋ ሠርቶ ይነሣልና። ለሊጡ 185 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለብስኩት ፍርፋሪ ደግሞ 175 ዲግሪ ተገቢ ነው። የአሥር ዲግሪው ልዩነት ቀደም ሲል በተነገረው በብስኩቱ ስኳር ምክንያት ነው። ቀዝቃዛ ነገር በገባ ቁጥር ዘይቱ ስለሚወርድ ከሦስት በላይ በአንድ ጊዜ አይጠበስም፤ በየዙሩም መካከል ሙቀቱ እስኪመለስ ይጠበቃል።

ድርብርቡ በመቆንጠጫ ተይዞ ግማሹ በዘይት ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይቆይና ከዚያ ይለቀቃል፤ ወዲያው ከተጣለ ከድስቱ ሥር ወይም ከሽቦ ማጥለያው ጋር ይጣበቃል። አየር ስለሞላው ይንሳፈፋል፣ ላዩም ከዘይቱ ውጭ ይቀራል፤ ስለዚህ መገልበጥ ወይም ዘይቱን በጭልፋ እየቀዱ ማፍሰስ ያስፈልጋል። በሊጥ የተሸፈነው በእያንዳንዱ ጎን አንድ ደቂቃ፣ በፍርፋሪ የተሸፈነው በጠቅላላው ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃዋል። ወርቃማ ቡናማ ሲሆን በሽቦ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ዘይት ወደ ምግብ የሚገባው በመጠበሱ ጊዜ ይመስለዋል፤ አብዛኛው የሚገባው ግን ከወጣ በኋላ ነው። በዘይቱ ውስጥ እያለ እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ ዘይቱን ያርቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይሰበሰብና ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ እንደወጣ በፍጥነት ማንጠፍጠፍና ቀስ ብሎ በሶፍት መንካት ቅባት እንዳይከብደው ያደርጋል።

ሦስተኛ አማራጭ ለስፕሪንግ ሮል የሚያገለግለውን ስስ የሊጥ መጠቅለያ መጠቀም ነው። ትንሽ ማርሽማሎው፣ ቸኮሌትና የብስኩት ፍርፋሪ በመሀሉ ተቀምጠው አየሩ ተጭኖ ከወጣ በኋላ ጠርዙ በእንቁላል ነጭ ይዘጋል። ለጀማሪ ይህ ከሁሉ ይቀላል። ኤር ፍራየር (በጋለ አየር የሚጠብስ መሣሪያ) ያለው ሰውም ይህንን ወይም ዘይት የተረጨበትን ፍርፋሪ ሊሞክር ይችላል፤ እርጥብ ሊጥ ግን በኤር ፍራየር ሳይደርቅ ስለሚንጠባጠብ አይሆንም።

የጋለ ዘይት ካለበት ዘወር ማለት አይገባም። ዘይቱ መጨስ ከጀመረ እሳቱ ይጠፋል። ነበልባል ከተነሣ ምድጃው ጠፍቶ ድስቱ በብረት ክዳን ይከደናል፣ እስኪቀዘቅዝም አይነካም፤ ድስቱን ተሸክሞ መውጣት ወይም ውኃ መድፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ውኃ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይዘቱ ከ1600 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ የሚነደውን ዘይት በየአቅጣጫው ይረጨዋል። የቀለጠ ማርሽማሎውም ቀላል አደጋ አይደለም፤ ቆዳ ላይ ይጣበቅና ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ጣፋጩ ከወጣ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይገባል፣ ለልጆች ሲሰጥም ለሁለት ተቆርጦ መሀሉ ቢታይ ይሻላል። ጄላቲኑ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከከብት ስለሚሠራ፣ ይህ የሚያሳስበው ሰው የማርሽማሎውን መሸፈኛ ማንበብ አለበት፤ ከዓሣ ጄላቲን ወይም ከተክል የተሠሩም አሉ።

ሲቀርብ ዱቄት ስኳር ቢነሰነስበት በቂ ነው፤ የቸኮሌት መረቅ መጨመር ጣፋጩን ከልክ በላይ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይልቅ ጥቂት የጨው ፍንጣቂ ወይም ያልጣፈጠ የተመታ ክሬም ሚዛኑን ያስተካክላል። ከተጠበሰ በኋላ አይቀመጥም፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ እንደገና ቢሞቅም ማርሽማሎው ይወጣል። ያልተጠበሰው ግን ፍርፋሪውን እንደለበሰ በታሸገ ዕቃ ለጥቂት ሳምንታት በፍሪዘር ስለሚቆይ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ አውጥቶ መጥበስ ይቻላል። ዘይቱም ሲቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ ተጠሎ በጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ካለው ግን ለሌላ ምግብ ስለማይሆን መጣል አለበት።