የአዋቂዎች የአከርካሪ መጣመም፦ ክፍት ቀዶ ጥገና ወይስ በትንሽ ቀዳዳ?

የአዋቂዎች የአከርካሪ መጣመም የሚባለው ዕድሜው ከ18 ዓመት ባለፈ ሰው ላይ የሚታይ የአከርካሪ ቅርጽ መዛባት ነው። አንዳንዱ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው። ሌላው በዕድሜ ይመጣል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግሉት ዲስኮች ይደርቃሉ፣ መጋጠሚያዎች ያልቃሉ፣ ወገብ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ተፈጥሯዊ ቅርጹን ያጣል፤ ሰውየውም ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ያዘነብላል። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ፊዚዮቴራፒ፣ መድኃኒትና መርፌ ተሞክረው ሕመሙ አላስቀምጥ ሲል፣ ወይም እግር እየደከመ ሲሄድ ነው። ያኔ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ነው፦ "በትንሽ ቀዳዳ አይሠራም ወይ?" በአማርኛ በቂ መልስ ስለማይገኝ ነው ይህ ጽሑፍ የተጠናቀረው።

ታሪኩ ረጅም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ራስል ሂብስ በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ የአከርካሪ አጥንቶችን እርስ በርስ የማጣበቅ ቀዶ ጥገናን አስተዋወቀ። ፖል ሃሪንግተን ደግሞ ሂዩስተን ውስጥ ፖሊዮ ጀርባቸውን ያጣመመባቸውን ልጆች ሲያክም የብረት ዘንግ ሠራ፤ ውጤቱንም በ1962 አሳተመ። ዘንጉ ጎኑን ያቃናል፣ ወገቡን ግን ዝርግ ያደርገዋል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ከዓመታት በኋላ ቀና ብለው መቆም አቃታቸው፤ እንደገና የተሠሩም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ ሰውየው ቆሞ ሲታይ ጭንቅላቱ ከዳሌው በላይ ይውላል ወይ የሚለው ሆነ። ፈረንሳዮቹ ኮትሬልና ዱቡሴ በ1980ዎቹ ያመጡት ባለ ሁለት ዘንግ ዘዴ አከርካሪውን ከሁሉም አቅጣጫ ማስተካከል አስቻለ።

ትንሽ ቀዳዳው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2001 ብሎንና ዘንግን ጡንቻ ሳይገልጡ በቆዳ በኩል የማስገባት ዘዴ ታተመ። በ2006 ደግሞ ብራዚላዊው ሉዊዝ ፒሜንታና ባልደረቦቹ በጎን በኩል የሚገባውን መንገድ በጽሑፍ አቀረቡ። ታካሚው በጎኑ ይተኛል። በጎድን አጥንትና በዳሌ መካከል ቆዳው ትንሽ ይቀደዳል። ሐኪሙ ሶአስ የሚባለውን ጡንቻ ሰንጥቆ ዲስኩ ጋ ይደርሳል፤ ጡንቻው ውስጥ ነርቮች ስላሉ በየእርምጃው በኤሌክትሪክ ምልክት ይፈትሻል። ያለቀው ዲስክ ይወጣና በቦታው ኬጅ የሚባል ሰፊ ድጋፍ ይገባል። የታመቀው ቦታ ይከፈታል፣ ጥመቱም በከፊል ይቃናል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ጭኑ ይደነዝዛል ወይም እግሩን ማንሳት ይከብደዋል፤ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። የመጨረሻው የወገብ ዲስክ ግን በዚህ መንገድ አይደረስበትም፤ የዳሌ አጥንት ይጋርደዋል።

ክፍቱ ቀዶ ጥገና ሌላ ዓለም ነው። ጀርባ በረጅሙ ይከፈታል፣ ጡንቻ ከአጥንት ይላቀቃል። አስፈላጊ ከሆነ አንድ የአከርካሪ አጥንት በሽብልቅ ቅርጽ ተቆርጦ ይወጣና ክፍተቱ ይዘጋል። ይህ ቆረጣ ብቻውን ወደ 30 ዲግሪ ያቃናል። ዋጋው ከባድ ነው፦ ብዙ ደም ይፈሳል፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት ይኖራል። ላውረንስ ሌንኪና ባልደረቦቹ በ2016 ያሳተሙት ጥናት ውስብስብ ጥመት ያለባቸውን ከ270 በላይ አዋቂዎች ተከታትሏል። ከሆስፒታል ሲወጡ 22 በመቶ የሚሆኑት የእግር ጉልበታቸው ቀንሶ ነበር። በስድስት ወር ይህ ቁጥር ወደ 11 በመቶ ወረደ። ይህን ለታካሚ ሳይናገሩ ማስፈረም ነውር ነው።

ታዲያ ማን ለየትኛው ይሆናል? ተደጋግሞ የሚጠቀሰው መመሪያ ሚስዴፍ ነው። ፕራቪን ሙማኔኒና ባልደረቦቹ በ2014 አውጥተውት በ2019 አሻሽለውታል። ታካሚው ቆሞ ረጅም ኤክስሬይ ይነሳል። ከአንገት ሰባተኛ አጥንት ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ መስመሩ ከአከርካሪው ግርጌ ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ፊት ከወጣ ሰውየው ሚዛኑን አጥቷል። ከዚያ ወገቡ ወደ ውስጥ እንዲገባ የዳሌው ቅርጽ የሚፈልገው ልክና አሁን ያለው ልክ በዲግሪ ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነና ጥመቱ ቀላል ከሆነ ነርቭ የተጫነበትን ቦታ በትንሽ ቀዳዳ ማስለቀቅ ሊበቃ ይችላል። ከ10 እስከ 30 ከሆነ በትንሽ ቀዳዳ በርካታ የአከርካሪ አጥንቶችን ማስተካከልና ማጣበቅ ይታሰባል። ከ30 ሲያልፍ፣ ወይም የላይኛው ጀርባ ጉብጠት ከ60 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ክፍቱ ይመረጣል።

ሌላው ወሳኝ ነገር ጥመቱ ይተጣጠፋል ወይ የሚለው ነው። ቆሞ ወደ ፊት የሚወድቅ ሰው ሲተኛ ቀና የሚል ከሆነ የትንሽ ቀዳዳው ዕድል ሰፊ ነው። ተኝቶም ያው ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ተጣብቆ ደርቆ ከቀረ፣ አጥንት ሳይቆረጥ አይቃናም። የቀዳዳው ማነስ ጀርባውን አያቃናም።

ትንሽ ቀዳዳ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ በሰፊው ይታመናል። በረጅም ጊዜ ውጤቱ ከክፍቱ እኩል ነው የሚለው ግን አከራካሪ ነው። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ጥመታቸው ቀለል ያለ ስለሆነ ንጽጽሩ ያጋደለ ነው። ዛሬ ብዙ ማዕከሎች ያቀላቅላሉ፦ በመጀመሪያ ቀን በጎን ኬጅ፣ በሌላ ቀን ከኋላ ብሎን።

በእኛ አካባቢ የተመዘገበው ሥራ በአብዛኛው ክፍቱ ነው፤ ሊኮራበትም ይገባል። በጋና ተወላጁ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ በ1998 የተመሠረተው ፎኮስ የተባለ የአጥንትና የአከርካሪ ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት በ2012 አክራ ውስጥ የራሱን ሆስፒታል ከፍቷል። በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ አማካይነት ከ2006 ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ወደዚያ ይላካሉ፤ አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። በጣም የጎበጡት ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሳምንታት በጭንቅላታቸው ላይ በታሠረ የብረት ቀለበት ቀስ በቀስ ይሳባሉ። በዚያው በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የነርቭ ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀመረ።

በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ብሎን በሳሳ አጥንት ላይ አይጸናም። ስለዚህ አረጋውያን፣ በተለይም ሴቶች፣ አስቀድመው የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያደርጋሉ። የአጥንት መሳሳት ከተገኘ ቀዶ ጥገናው ለወራት ዘግይቶ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት ይሰጣል። ሲጋራ የሚያጨስም እንዲያቆም ይጠየቃል፤ ኒኮቲን አጥንት እንዳይጣበቅ ያደርጋልና።